የተፋቀው ሥዕል

ጸሐይ አዲሱ ገበያ ውስጥ ያገለገለ ጀሪካን አጥባ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። የምታምነው አፍንጫዋን ነው። በአሸዋና በሳሙና አሽታ ታሸተዋለች፤ ካልሸተታት ንጹሕ ነው። የራስ ቅል ሥዕል ያለበትን ጀሪካን ደንበኛ ስለሚሸሸው፣ ሥዕሉን በሽቦ ትፍቀዋለች።

ማክሰኞ ዕለት የጤና ባለሙያዋ ደራርቱ ሻጮቹን ሰብስባ ያንኑ ሥዕል አሳየቻቸው።

«ይህ ያለበት የተባይ መርዝ ዕቃ ነው። መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሽታው ቢጠፋም እሱ አይለቅም።»

«በአሸዋ ባሸውስ?» አለች ጸሐይ።

«በፈላ ውሃ ቢያጥቡትም እትዬ።»

«ዘንድሮ ለጀሪካንም ሐኪም መጣለት!» አለ አጠገቧ የሚሸጠው ዓለሜ። ሁሉም ሳቁ።

ጸሐይ ግን ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባች። ባለፈው ሳምንት ሥዕሉ የተፋቀበትን አንድ ጀሪካን ከሌሎች ጋር እዚያ ለምትኖረው፣ በቅርቡ ለወለደችው ልጇ ለቤርሳቤህ ሰጥታታለች።

ስድስቱ ቢጫ ጀሪካኖች ውሃ ሞልተው በቤርሳቤህ በር ሥር ተደርድረዋል። ጸሐይ እያዞረች አየቻቸው። ሁሉም በአሸዋ ስለታሹ ጭረታቸው ያው ነው፤ ሥዕሉን አሳምራ ፍቃዋለች።

«ሁሉንም ድፊው።»

«እማዬ፣ ውሃ የሚመጣው እኮ ሐሙስ ነው!»

«ድፊው አልኩሽ!» አለችና ምክንያቱን ነገረቻት።

ቤርሳቤህ ያቀፈችውን ሕፃን ልጇን ሲላስን ቁልቁል አየችው።

«ሲላስን ሳምንቱን ሙሉ ያጠብኩት በየትኛው ነው?»