«በራሳቸው ጥያቄ ወደ ሰበታ»

ባለፈው ሳምንት ኢንጂነር ቶሎሳን ቡራዩ ቀበርናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የድሮ አለቃችን ነው። በዕድሜ ታላቄ ቢሆንም አንቱ ልለው አፌ አይታዘዝልኝም። መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ «ከአለቆቻቸው ጋር ተጋጭተው የማያውቁ፣ የታዘዙትን ሁሉ የሚፈጽሙ» እያለ አነበበ። በሕይወት ታሪክ ላይ ሟች ሁሉ ተግባቢና ሰው አክባሪ ነው፤ እሱን ለምጄዋለሁ። «በራሳቸው ጥያቄ ወደ ሰበታ ተዛውረው» ሲል ግን ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ከእጁ ልነጥቀው ምንም አልቀረኝም።

ያን ጊዜ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ሱሉልታ ላይ ጤና ጣቢያ እናሠራለን፤ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ እሳቸው፣ ረዳታቸው እኔ። ሐምሌ ነው። የሱሉልታ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፣ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ኢንጂነር ቶሎሳ እያንዳንዱን ምሰሶ በመዶሻ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ሠራተኞቹ «ሐኪሙ መጡ» እያሉ ሲስቁባቸው አብረው ይስቃሉ። ደህና ያልሆነ ምሰሶ ድምፁ ይታፈናል ይሉኝ ነበር። እኔ ልዩነቱን ለመስማት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አንድ ሰሞን አሟቸው ቤታቸው ተኙ። አለቃችን በመኪናው መጣና «የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል፤ ምሰሶዎቹን ዛሬውኑ ኮንክሪት ሙሉ» አለኝ። ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል።

«ኢንጂነር ሳያዩት?»

«አለቃህ እኔ ነኝ!»

ሞላን። ውሃ ከሰማይም ከበርሜልም ገባበት።

ኢንጂነር ሲመለሱ የመጀመሪያው ምሰሶ ላይ ጆሯቸውን አሳርፈው ብዙ ቆዩ። መሮ አስመጥተው ጥጉን ነካ ቢያደርጉት እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ስድስቱንም አዩና «ይፍረስ» አሉ።

አለቃው እየበረረ መጣ። ሠራተኛው ሁሉ ከቦ ቆሟል። ፍርፋሪውን አየና ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። «ማነው ሙሉ ያላችሁ?» አለኝ። እያወቀ! የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም ነበር።

«ኢንጂነር ናቸው። ከቤታቸው መልእክት ልከውብኝ ነው» አልኩ።

ኢንጂነር ቶሎሳ ቀና ብለው አዩኝ። አልተከራከሩም። ምሰሶዎቹ ፈረሱ። እሳቸውም «በሥራ ቸልተኝነት» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷቸው፣ ሚስማርና ቆርቆሮ እንዲጠብቁ ሰበታ ዕቃ ግምጃ ቤት ተላኩ። ያን የመሰለ መሐንዲስ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በመጨረሻው ቀን «ኮቱ፣ ና እስቲ» ብለው መንገድ ዳር ካለች ወተት ቤት አስገቡኝ። ትኩስ ወተትና ዳቦ አዘዙልኝ።

«ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው።

«ብናገር ክርክሩ የእኔና የአንተ ይሆንና ምሰሶው ይረሳል። እዚያ ቤት እኮ የሚገባው በሽተኛ ነው። አሁን ፈርሷል አይደል? በል ሳይበርድ ጠጣ።»

ወተቱን እስኪበርድ ድረስ በማንኪያ አማሰልኩት።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሴት ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ጋሼ ደረጀ፣ አብራችሁ ሠርታችኋል አይደል? እውነት አባዬ ሰበታን ራሱ ነው የጠየቀው?» አለችኝ። ንዴቴ አልበረደም ነበርና ስለ አለቃው ጀመርኩላት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትዕዛዙ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ የራሴን መዝለል አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት።

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ከዚያ «እማዬ እስክትሞት ድረስ አባዬ አጥፍቶ ነው የተቀጣው ብላ ታምን ነበር» አለች። «ደብዳቤውን አይታዋለች። ስትጨቀጭቀው እሱ ምንም አይላትም ነበር።»

ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ያንን ሰውዬ ስረግም ሰነበትኩ። ይገባዋል፤ አልጸጸትም። ግን ለሥራ ሆለታ ስመላለስ ስንቴ በሚኒባስ ቡራዩን አቋርጫለሁ። «ወራጅ» ብዬ ወርጄ፣ ለባለቤታቸው በሕይወት ሳለች «የዋሸሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ቤታቸው ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ አያስኬድም።