የሚዜው ድምፅ

የልጅ ልጄ ሬዲዮ ጣቢያ ይሠራል። ኤፍ ኤም የሚሉት ስርጭት ደመና ሲያጉረመርም ለምን እንደማይንጣጣ፣ ጥጥ ስፈትል አጠገቤ ተቀምጦ አስረዳኝ። በድሮው የሰው ድምፅ ሞገዱን እያወፈረና እያቀጠነ ይጓዛል፤ መብረቅም ያንኑ ስለሚያደርግ ሬዲዮው መለየት ያቅተዋል። በአዲሱ ግን ውፍረቱ አይለወጥም፤ ድምፁ የሚታወቀው የሞገዱ ንዝረት ሲፈጥንና ሲዘገይ ነው። ውፍረቱ እኩል ሆኖ አንዳንድ ቦታ ጠበቅ፣ አንዳንድ ቦታ ላላ ተደርጎ እንደ ከረረ ክር ማለት ነው አለኝ። መብረቁ ቢያወፍረውም ሬዲዮው ውፍረቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ገባኝ፤ ገብቶኝም ተናደድሁ። ያን መንጣጣት የሰማይ ምስክርነት አድርጌ ነበር የኖርሁት።

በጣሊያን ጊዜ ባሌ ከገሳይ መንደር በላይ ካሉት አርበኞች ጋር ዱር ገብቶ ነበር። ሚዜው ደግሞ ተማርኮ ጎንደር ተወስዷል። በእኛ አገር ሚዜ ምሎ ወንድም የሆነ ሰው ነው፤ እኔንም ከሰርጌ ጀምሮ እህቴ ይለኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ ጣሊያን ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ከሰቀለው የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ሚዜው ከጎንደር ሆኖ ባሌን በስሙ እየጠራ ግባ ይለዋል ተባለ። ባሌ በጆሮዬ ካልሰማሁ ብሎ እህል ሻጭ መስሎ ገበያ ወረደ። አብሬው ቆምሁ።

«ወንድሜ፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ግባ» አለ ድምፁ። «የሚነካህ የለም። ዋስህ እኔ ነኝ።»

ሚካኤልን ሲጠራ ሰማዩ ብልጭ አለ፤ ማጉያውም ተንጣጣ። ሰማይ አልተቀበለውም፣ ይቅርብህ ብዬ ባሌን ለመንሁት። እሱ ግን ሚዜው ፊቱ ቆሞ የማለለት ያህል አመነ። ሄዶ ጠመንጃውን አስረከበ። ብዙም ሳይቆዩ እዚያው ገበያ ላይ ሰቀሉት።

ጣሊያንስ ጠላት ነው፣ ከጠላት ምን ይጠበቃል። አንጀቴን ያሳረረው የሚዜው ነው። አገር ነፃ ሲወጣ ሽማግሌ እንኳ ሳይዝ ብቻውን ደጄ መጣ። አስገድደውህ ነው ወይ አልሁት። አልዋሸኝም፤ ሹመት ተስፋ ሰጥተውት ነበር።

«እህቴ» አለኝ፣ «ባዶ ክፍል አስገብተው ድምፅ የሚወስድ ብረት ፊት አቆሙኝ። አንድም ሰው የለም። ሰሚ የሌለው መሐላ አያስርም ብዬ ነው።»

እውነቱን ነው፣ በአገራችን መሐላ ሰሚ ይፈልጋል። ምክንያቱን ሲያስብበት የከረመ መሆኑ ደሜን አፈላው።

«ሰሚማ ነበረህ» አልሁት። «የሰቀሉት እሱን ነው።»