በኑግ መጋዘን የተቀመጥነው ልቅሶ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ገበሬው አዲሱን ግብር አልከፍልም ብሎ፣ ባሎቻችን ጫካ ገብተው ነበር። እነሱን ሊይዙ የመጡት ወታደሮች ሲያጧቸው እኛን ሚስቶቻቸውን ለቀሙ። እኔን የያዙኝ ዳንግላ፣ ከጓሮዬ ጎመን ስቆርጥ ነው። ልጆቼን ለእናቴ ሰጥቼ፣ እጄን ሳልታጠብ ሄድሁ።

ያስገቡን ከከተማው ዳር ካለ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳና በበሩ ሥር ነው። ቀድሞ ኑግ ይከማችበት ስለነበር ወለሉ ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ሽታው ከልብሳችንም ከጠጉራችንም ገባ። ዛሬም ኑግ ሲወቀጥ ከሸተተኝ ሥራዬን ትቼ ቆም እላለሁ። ምሬት አይደለም። እዚያ ያገኘኋቸው ሰዎች ስለሚናፍቁኝ ነው።

ሦስት ነበርን። አንዷ እማሆይ ናቸው፤ ለሸፈቱት ስንቅ አቀብለዋል ተብለው የተያዙ መነኩሲት። ሁለተኛዋ ከዘንገና በኩል የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ የአገው ሴት ናት። አማርኛ ታውቃለች፤ ነገሩ ከልቧ ሲሆን ግን ወደ አገውኛዋ ትገባለች። እኔ አገውኛ የምሰማው ለገበያ ያህል ብቻ ነው። ከእሷ ጋር አንድ ሰሌን ላይ እንተኛ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ውሃ አመጣ። እዚያው አገው ምድር ግምጃ ቤት ከሚባል አገር የመጣ ልጅ ነው፤ ክፉ አልነበረም። ገንቦውን ልቀበለው ስጠጋ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ የዚያች የዘንገናዋ ሴት ባል ተመትቷል።"

"ቆስሎ ነው?"

"ሞቷል። ትናንት ተቀብሯል። አለቃችን ነገ ጠዋት ለጥያቄ ሲያስጠራት ሊነግራት ነው። ስትደነግጥ የሌሎቹን መሸሸጊያ ታወጣለች ብሎ ነው።"

የእኔ ባል አለመሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ተመስገን ልል ነበር። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ቀረ። ገንቦውን ይዤ ቆምሁ።

በእኛ አገር መርዶ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ባለበት ነው። በዋዜማው ደግሞ እህል እንድትቀምስ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ምግብ አይወርድላትምና። እሷ ግን ሽጉጥ ከታጠቀ ሰው ፊት ብቻዋን ቆማ ልትሰማው ነው።

ለእማሆይ በጆሯቸው ነገርኋቸው። አማተቡ።

"ዛሬ ትብላ። ነገ ሳይጠሯት እኛ እናረዳታለን" አሉኝ።

"እማሆይ፣ እርስዎ ይንገሯት። ቋንቋዋንም ያውቃሉ። እኔ ምን ብዬ አጽናናታለሁ?"

"ልቧ ካንቺ ጋር ነው። እመቤታችን ከመስቀሉ ሥር ቆማ ነበር ይላል ወንጌሉ፤ ምን እንዳለች ግን አልጻፈም። አንቺም ካጠገቧ ሁኚ።"

እናቴ የላከችልኝ ቅቅል ድንች ነበረ። ልጬ ሰጠኋት።

"አልራበኝም" አለች።

"ብቻዬን አይበላልኝም። አግዥኝ እንጂ።"

"የዳንግላ ሰው ድንች ለመብላትም ወንፈል ይጠራል?" ብላ ሳቀች። በላችልኝ።

ከዚያ ስለ ባሏ ጠየቅኋት።

"እሱ? ከእኔ ይልቅ ፈረሱን የሚወድ ሰው ነው። ስንጣላ እኔን አንድ ቃል አይናገረኝም፤ ወጥቶ ለፈረሱ ይከሰኛል።"

"ፈረሱስ እንዴት አድርጎ ይፈርዳል?" አሏት እማሆይ።

"እንዴት ይፈርዳል እማሆይ! ገብሱን የሚበላው ከእሱ እጅ። ጉቦኛ ነው።"

ሦስታችንም ሳቅን። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳቁ ካለቀ በኋላም ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሷ አላየችም። ማውራቷን ቀጠለች። ጫካ የገባ ቀን ተጣልተው እንደነበር፣ ሲወጣ ጀርባዋን እንደሰጠችው ነገረችኝ። "ሳልሰናበተው ሄደ" አለች። ከዚያ ወዲያ አማርኛው አልበቃትም፤ ወደ አገውኛዋ ገባች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ከንፈሯን እያየሁ አዳመጥኋት። ቃሉን አልሰማሁትም። እሷን ግን ሰማኋት። ስትስቅ ሳቅሁ፤ ስታለቅስ አላባበልኋትም። ሲመሽ ራሷን ከጭኔ ላይ አድርጋ "ቀለለኝ" አለችኝ፣ በአማርኛ። እንቅልፍም ወሰዳት።

አሁን አርጅቻለሁ። ባሌ በምሕረት ገብቶልኝ ልጆቻችንን አብረን አሳደግን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልቅሶ ቤት አብረውኝ ሲሄዱ ልጆቼ "እማዬ፣ ምነው ሰው ሁሉ ሲያጽናና አንቺ ዝም ትያለሽ?" ይሉኛል። እኔ ሐዘንተኛዋን ስለ ሟቹ አንድ ነገር ጠይቄ ቁጭ እላለሁ። ሌላ አላውቅም። ይህንንም ያወቅሁት እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ነው። በሕይወት ካሉ እግዚአብሔር ይጠብቃቸው፤ ካለፉም ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያች የመጋዘን ሌሊት በማግስቱ፣ ወፍ ሲንጫጫ ከእማሆይ ጋር ተነሣን። ነጠላዬን ለሐዘን እንደሚደረገው ዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ለበስሁ። እማሆይ በግራዋ፣ እኔ በቀኟ ተቀመጥን። ነቃች። እማሆይን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ዓይኗ ከጥለቱ ላይ ቆመ።

"ማን ነው?"

የባሏን ስም ጠራሁ። ሌላ አልጨመርሁም።

ስትወድቅ ያዝናት። "ሳልሰናበተው! ሳልሰናበተው!" እያለች ጮኸች። እጇን አልለቀቅሁም።

ዘበኛው በሩን ከፈተ። "ኧረ ቀስ በሉ! አለቃው ከሰማ እኔን ነው ከእናንተ ጋር የሚያስረኝ።"

እማሆይ ቀና አሉ። "አንተ ልጅ፣ ዘበኛ ነህ ወይስ ልቅሶ ደራሽ?"

ዘበኛው ዞር ብሎ ወደ ውጭ አየ።

"ልቅሶ ደራሽ ከሆንህ ቆብህን አውልቅ።"

ጠመንጃውን ከውጭ አስደገፈ። ቆቡን አውልቆ ገባ። "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አለን፤ ለእሷ ደግሞ በቋንቋዋ ደገመላት። እስኪበቃት ድረስ አለቀሰች፤ አልከለከላትም።

ፀሐይ ወጣ ስትል ስሟ ተጠራ። በገንቦው በተረፈው ውሃ ፊቷን አጠብሁላት። ነጠላዋን ዘቅዝቄ አለበስኋት፤ አለቃው ገና አፉን ሳይከፍት እንዲያየው። ከዚያ እስከ በሩ ደግፌ ሸኘኋት።