ባንኩ ስለ ሞንታርቦ የጻፈው

ሥራው የጣሪያ አሸንዳ ነው። ቆርቆሮ ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ይቀጠቅጣል። መዶሻ ሲጨብጥ ጢም አልነበረውም፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል። ሠፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ ሙዚቃ ቤት በር ላይ እንደሚቆመው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ ይለዋል። ጎረቤቱን «እንዴት አደርክ?» ሲል ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው «ደህና» ብሎ ይመልስለታል።

ጆሮው መድከሙን አይቀበልም። «የዘንድሮ ሰው ያንሾካሹካል» ባይ ነው። ሚስቱ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው ክፍል መጋረጃ ትሰፋለች፤ የሥራውን ስልክ የምታነሳውም እሷ ናት። ጆሮ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለው እሺ ይላል። አይሄድም።

የባንኩ ደብዳቤ የመጣው የሆስፒታሉን ሥራ ባገኘ ሰሞን ነው። የአዲሱ ሕንፃ አሸንዳ በሙሉ የእሱ ሆኗል፤ ሆስፒታሉ ግን ከባንክ ውጭ አይከፍልም። ደብዳቤው ደግሞ ባንኩ «ከደንበኛው ጋር ያለውን ግንኙነት ገምግሞ» ሒሳቡን በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ መወሰኑን ይናገራል። ለምን እንደሆነ አይናገርም።

«ምን አድርገህ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ምንም። ሌላ ባንክ ሒሳብ እንከፍታለን።»

«ሌላውስ ያኛው ለምን ዘጋብህ አይልም? አንተ ሰውዬ፣ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

«ምን?»

«የደበቅከኝ!»

«ምን እደብቃለሁ? እኔ የተናገርኩትን ሠፈሩ በሙሉ ይሰማዋል።»

ይሄ እውነት ነው። እሷን ግን አላሳመናትም። በማግስቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ አብራው ወጣች።

ባንኩ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሞንታርቦን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳና ከጎኑ ሆኖ መራመድ ጀመረ። ሞንታርቦ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ወዳጄ ነው» አለ ለሚስቱ። «ገብቼ እስክወጣ አይለየኝም። ይሄን ሁሉ ሰው ትቶ እኮ ነው። ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ጋሼ» አለ ጥበቃው። ዓይኑ ጫማው ላይ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ውሳኔው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው አለ። ሞንታርቦ ከየት አለ። ሥራ አስኪያጁ ደገመለት። ሞንታርቦ ለምን አለ። ሥራ አስኪያጁ እሱን መናገር አልችልም አለ። ሚስቱ በዚህ መሀል ግድግዳውን ታነባለች። የተለጠፈ ነገር ሳታነብ የምታልፍ ሴት አይደለችም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ጀርባ እንኳ አያመልጣትም። ከቀን መቁጠሪያው ሥር አንድ ማስታወቂያ አለ፦ ደንበኛ በግል መረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ባንኩ ስለ እሱ የያዘውን መረጃ የመጠየቅ፣ ስህተት ካለ የማሳረም መብት አለው።

«ይሄ የምር ነው?» አለች።

«የምር ነው እናቴ። ሕግ ነው። ግን እስካሁን የጠየቀን የለም።»

«እንግዲያው መጣንላችሁ።»

ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ ቢፈለግ ጠፋ። በነጭ ወረቀት ጻፈችው፤ ባሏ ፈረመ። ከፊርማው በላይ «አንድም ሳይቀር» የሚል ጨመረች።

ወሩ ሳያልቅ ወፍራም ፖስታ መጣ። ስፌት ማሽኗ ላይ ዘርግታ እየጮኸች አነበበችለት። አድራሻ። ስልክ። የገባና የወጣ። ጢሙ ገና ጥቁር የነበረበት የመታወቂያ ፎቶ። ለሌላ ሴት የተላከ ነገር ትፈልግ ነበር፤ የለም። መጨረሻው አካባቢ «የሠራተኛ አስተያየት» የሚል አገኘች።

«ደንበኛው ይጮኻል። ባንኮኒውን በጡጫ ይመታል። ሲመጣ ጥበቃ ከአጠገቡ አይለይ።»

ከሥሩ ሌላ ሠራተኛ «ዛሬም ጮኸ» ብሏል። ከዚያ ሥር ሌላው «ዛሬም መታ»። በመጨረሻም «ለሠራተኞች ደኅንነት ሲባል ሒሳቡ እንዲዘጋ»።

ሚስቱ ፊቷን በደንበኛ መጋረጃ ሸፍና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«በጡጫ?» አለ። «አንኳኳሁት እንጂ! ላዩ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ስሱን ነው የሸጡላቸው።»

ታውቀዋለች። ቆርቆሮ ካየ ሳያንኳኳ አያልፍም፤ የጎረቤት በር ይሁን፣ የቆመ አውቶቡስ ይሁን። መጀመሪያ ወላጆቿ ቤት የመጣ ዕለት የእናቷን ትሪ አንኳኩቶ አሳፍሯታል።

«ጥበቃው…» አለ። ይቺን ቃል ያላት ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር።

ጠዋት ከሚስቱ ጋር ባንኩ በር ላይ ደረሰ።

«አንተ ልጅ! ከጎኔ የምትቆመው ታዘህ ነው?»

መንገደኛው ዞረ። ጥበቃው ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«መጀመሪያ ታዝዤ ነው፣ ጋሼ።»

«ኋላስ?»

«ኋላማ ከእርስዎ በቀር የሚያወራኝ የለም!»

ሞንታርቦ ትንሽ አሰበና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሚስቱን አስከትሎ ፎቅ ወጣ።

የደንበኞችን መረጃ የምትከታተለው ወጣት ሴት ክፍል ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር ሲገባ በሩ አይዘጋም። ፋይሉን አውጥታ ከፈተች።

«ሒሳብዎ እንዲዘጋ የተወሰነው በዚህ አስተያየት ነው፣ አባባ። ስህተት ነው ካሉ ትክክለኛውን ይንገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ፤ ውሳኔውም እንደገና ይታያል። ለምንድን ነው የሚጮኹት?»

«ማን ጮኸ?»

ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆመ። ልጅቷ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች። ሚስቱ መልሱን ታውቃለች፤ ቢሆንም ጣሪያውን አየች። ሞንታርቦ ልጅቷን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየ።

«ጆሮዬ አይሰማም» አለ። «ጻፊው።»

«ምን ያህል አይሰማም?»

«እሷን ጠይቂያት።»

«ምንም» አለች ሚስቱ።

«ባንኮኒውንስ?»

«ስስ ነው በይልኝ።»

«እሱን አልጽፍም፣ አባባ።»

የጻፈችውን አነበበችላቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ጮክ ብላ። «ደንበኛው የመስማት ችግር አለበት። ጩኸቱ ቁጣ አይደለም። ባንኮኒ የሚያንኳኳው ከሥራው ባመጣው ልማድ ነው። ሠራተኞች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነጋግሩት።»

ሒሳቡ አልተዘጋም። ሆስፒታሉ የመጀመሪያውን ክፍያ ሲልክ ሞንታርቦ መድረሱን ሊጠይቅ ሄደ። መስኮቱ ላይ አዲስ ልጅ ነበረች። ስሙን አስገባች፣ ስክሪኑን አነበበች፣ ብድግ ብላ ቆመች።

«ጋሼ! ከሆስፒታሉ ገብቶልዎታል!» ብላ ጮኸች። መጠኑንም ሳንቲሟ ሳትቀር ተናገረች።

ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ከኋላ አንድ ሰውዬ አፏጨ።

«ቀስ በይ እንጂ!» አለ ሞንታርቦ፤ የእሱም ድምፅ ከእሷ አላነሰም።

ጥበቃው እንደ ልማዱ ከጎኑ ቆሞ ነበር። «በቃ ጋሼ» አለው ጆሮው ሥር፤ «ያልሰማ የለም።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ በመርፌ ክር ታስገባለች።

«ያ ጆሮ ሐኪም የት ነው ያልሽኝ?» አላት።

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ባንኩ ይጮኻል።»