ከመጀመሪያው ጀምሪ

ጅቡቲ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የአንድ ፈረንጅ ቪላ ዘበኛ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛ ዓመት አቋርጦ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጡ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት ፔካ 12 ላይ ከጭነት መኪና የወረደ ሰው ሌላ ምን ሥራ ያገኛል? በር እከፍታለሁ፣ በር እዘጋለሁ። በቀረው ጊዜ አሠሪዬ አንብቦ የጣለውን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ለቅሜ፣ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጮክ የምለው እንዲሰማልኝ ነው፤ ዛሬ ምን አስዋሸኝ።

የሰማችኝ ፊት ለፊት ያለው ቪላ የምትሠራ የአገሬ ሴት ናት። እዚያው እያደረች የሰው ልጆች ታሳድጋለች፤ የራሷን ልጅ ግን ካርቲዬ ሁለት በሚባለው የድሃ ሰፈር ያለችው እህቷ ናት ያሳደገችላት። አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልትደፋ ወጥታ፣ ባልዲዋን እንደያዘች በሬ ላይ ቆመች።

«አንተ! ይሄን ሁሉ እንግሊዝኛ ይዘህ ነው ፀሐይ የሚጠብስህ?»

ልጇ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ውጭ አገር ለመማር ለስኮላርሺፕ ልትወዳደር ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ጅቡቲ ደግሞ የተማረችው ሁሉ በፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛውን ብታነበውም አፏ አይፈታም። ፈታኞች ፊት ቆማ ንግግር ማድረግ፣ ከዚያም ጥያቄ መመለስ አለባት።

«እኔስ የሰው ጓዳ ውስጥ ቀረሁ። እሷ እንኳን ትሂድልኝ» አለችኝ።

እዚያው በዚያው «እኔ አነባለሁ እንጂ አልናገርም» ማለት ነበረብኝ። ዕድሜ ልኬን ከሰው ጋር በእንግሊዝኛ አውርቼ አላውቅም። ከአሠሪዬ ጋር እንኳ «ደህና አደሩ» እና «እሺ ጌታዬ» ነው፣ አለቀ። አላልኩም። ደረቴን ነፍቼ «ትምጣ» አልኩ።

አርብ አርብ ጠዋት፣ ሰው ለጁምዓ ሳይወጣ፣ አክስቷ ቤት እናስተምር ጀመር። እናስተምር እላለሁ እንዴ! ብቻዬን ነኝ እኮ፤ ኩራቱ እስከዛሬም አልለቀቀኝም። ልጅቷ አራት የክፍሏን ልጆች ይዛ መጣች። «ቲቸር» ይሉኛል። እናትየው ከዚያን ቀን ወዲህ አንተ ማለቷን ትታ አንቱ አለችኝ። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች! «ኧረ አይሆንም» ማለት ወጉ ነበር፤ እኔ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ያስተማርኳቸው እኔ በተማርኩበት መንገድ ነው። ንግግሩን እኔ እጽፋለሁ፣ እነሱ ገልብጠው ይሸመድዳሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው በቃላቸው ይወጡታል። አንድ ሕግ ነበረኝ፦ የተደናቀፈ ከመጀመሪያው ይጀምራል። መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ቢሆንም ከመጀመሪያው። ከአራቱ አንዱ፣ ወደብ አካባቢ ከመርከበኞች ጋር ሲቀልድ የሚውል ልጅ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ እንዲሁ እናውራ» ቢለኝ፣ «ሳትሸመድድ ምን ታወራለህ!» ብዬ አባረርኩት። ቁጣዬ ፍርሃት ነበር። አፌን ብከፍት ያውቁብኛል።

ልጅቷ ግን አንድም ቀን አላጉረመረመችም። ንግግሯ ስለ ከተማዋ ውሃ ጨዋማነት ነበር፤ የውሃ ምህንድስና ነው መማር የፈለገችው። አርባ ጊዜ «ከመጀመሪያው ጀምሪ» ብላት አርባ ጊዜ ትጀምራለች።

ፈተናው መሀል ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ በአንድ አዳራሽ ሆነ። ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ፤ አሠሪዬ ያለ አንድ ቃል ነው የፈቀደልኝ። የአሠሪዬን አሮጌ ኮት ለብሼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ወጣች፣ እጇን ወደ ኋላ አደረገች፣ ጀመረች። ኧረ እንዴት አሳመረችው! ጎኔ የተቀመጠውን ሰው «የኔ ተማሪ ናት» አልኩት።

ግማሽ ላይ ስትደርስ ከፈታኞቹ አንዷ ፈገግ ብላ አስቆመቻት። «እናትሽ ለመጠጥ የምታመጣው ውሃ ከየት ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ይኸው ነው። ልጅቷ ደነገጠች፣ ከዚያ «ክቡራን ፈታኞች፣ እንደምን አደራችሁ» ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሴትየዋ እጇን አነሳች፤ «ተዪው እሱን፣ ዝም ብለሽ አጫውቺኝ» አለቻት። ልጅቷ እንደገና «ክቡራን ፈታኞች»። ሕጉን ነው የጠበቀችው። የኔን ሕግ።

ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ፈታኟም ዓይኗን ተከትላ አየችኝና፣ መምህሯ ከሆንኩ ድንጋጤው እንዲለቃት ጥያቄውን በእናቷ ቋንቋ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ አይጠበቅብኝም፤ በአማርኛ «ውሃ ከየት ነው የምታመጡት?» ማለት ብቻ ነበር። ግን ቀጥላ ብታዋራኝስ? አራቱም ልጆች፣ ያባረርኩት ሳይቀር፣ ሊፈተኑ መጥተው እዚያው ተቀምጠዋል። ያልገባኝ መስዬ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። የአዳራሹ አስተናጋጅ ጥያቄውን በፈረንሳይኛ ደገመልኝ። በፈረንሳይኛ መለስኩለት፦

«መምህሯ አይደለሁም። እኔ ዘበኛ ነኝ፣ ላደርሳት ነው የመጣሁት።»

ልጅቷ ፈረንሳይኛ ከኔ አሥር እጥፍ ታውቃለች። አቀርቅራ ወረደች። ጎኔ ያለው ሰው እንዴት እንዳየኝ አላውቅም፤ ቀና አላልኩም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሟ አልነበረም። ያለፈው ያ ያባረርኩት፣ ከመርከበኞች ጋር የሚቀልደው ልጅ ነው።

ሰንበት ብሎ እናትየው በሬ ላይ መጣች። ይቺ ሴት ዛሬ ብትሰድበኝ፣ ብትተፋብኝ እችለዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

«ቲቸር፣ አይዘኑ» አለችኝ። «ልጄ ነግራኛለች። ‹ቲቸር የዚያን ቀን አልመጣም እንጂ፣ ቢመጣማ ኖሮ በአማርኛ ይነግረኝ ነበር፣ አልፍ ነበር› ነው ያለችኝ። እኔ አልፈረድኩብዎትም። የሰው ቤት ሥራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፈቃድ ከለከሉዎት አይደል?»

ልጅቷ እዚያ እንዳልነበርኩ ነው የነገረቻት። እናቷ ፊት እንዳልዋረድ ብላ።

«አዎ» አልኩ። «ከለከሉኝ።»

«ይሁን፣ ለከርሞ አለ» አለች ባልዲዋን እያነሳች። «ከመጀመሪያው ይጀምሩላታል።»