ጋሽ ዘውዴ እና ጉንጮ

ከዚህ በፊት ለማንም ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ደመወዝ ስቀበል ለመፈረም ብቻ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢዘበራረቅ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምነግራችሁ ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ያጋጠመኝን ነው። ሰው አልሞተም፣ ዕቃ አልጠፋም። ግን ሊፍት በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝም አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሆዴ ይባባል።

የምሠራው ካዛንቺስ፣ አንድ ባለ አምስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ነው። ጽዳት ነኝ። የምኖረው ላንቻ፣ ከአክስቴ ጋር ነው። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይከብደኛል። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ" ማለት አፍሬ መውረጃዬን አልፌ በእግሬ የተመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ጉንጮ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ታሪኩ አይገባችሁም። ድሮ ሰው ቤት ስሠራ የቤቱ ልጅ አዲስ ስልክ ተገዛላትና የድሮ መጫወቻዋን ለእኔ ሰጠችኝ። በእጅ የሚያዝ የጌም ማጫወቻ ነው። ከስልክ ትንሽ ወፈር ይላል፣ በግራና በቀኙ ቁልፎች አሉት። ውስጡ ያለው ጌም አንድ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ጫካ ለጫካ እየዞረ በዓለም ላይ የሌሉ እንስሳትን ያላምዳል፣ ያበላቸዋል፣ ከአዳኝና ከዝናብ ይጠብቃቸዋል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙውን አላነበውም። የተማርኩት ሥዕሉን እያየሁ ነው።

መጀመሪያ የተላመደችኝ እንስሳ ጆሮዋ ረጅም፣ ጉንጯ የተነፋ፣ ቀበሮም ጥንቸልም ያልሆነች ነገር ናት። ጉንጮ አልኳት። ጉንጮ መብረቅ ትፈራለች። መብረቅ ሲመጣ ድንጋይ ሥር ገብታ ትንቀጠቀጣለች። ያኔ ደረቷ ላይ ክብ ብርሃን ይወጣል። አየር ስታስገባ ክቡ ይሰፋል፣ ስታስወጣ ይጠባል። ሲሰፋ ቁልፉን ተጭኖ መያዝ፣ ሲጠብ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። በዚህ ሁኔታ ትንሽ ከተቆየ ትረጋጋና ትተኛለች። ከተቸኮለባት ግን ደንግጣ ጫካ ትገባለች፣ እንደገና ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። እኔ ሥራ ቦታ የሆነ ሰው ሲቆጣኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጉንጮን አስተኛታለሁ።

አሁን ወደ ጋሽ ዘውዴ ልምጣ። ጋሽ ዘውዴ የሕንፃችን ጥበቃ ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ፂማቸው ሽበት የወረረው ሰው ናቸው። ሁሉም ይፈራቸዋል። ማታ ስንወጣ ቦርሳችንን የሚፈትሹት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ማጫወቻዬን ከቦርሳዬ አውጥተው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የእኔ ነው አልኩ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ጨዋታ ነው አልኩ፣ ድምፄ ግን በቅጡ አልተሰማም። "በዚህ ዕድሜሽ? እኛ በአንቺ ዕድሜ ልጅ እናሳድግ ነበር" ብለው ሳቁ። በሩ ላይ የቆሙት ሹፌሮችም አብረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስገባ "ጌመኛዋ መጣች" ይሉኛል። ለቀልድ ነው፣ ግን እኔ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ማጫወቻዬንም ከቦርሳ አውጥቼ ሽርጤ ኪስ ውስጥ መያዝ ጀመርኩ።

ጋሽ ዘውዴ ሊፍት አይገቡም። ሊፍት ለሰነፍ ነው ይላሉ። ያን ሰሞን ግን ዝናብ ያረጠበው ደረጃ አንሸራቷቸው ጉልበታቸውን በፋሻ አስረው ያነክሱ ነበር።

ያን ቅዳሜ ጊዜው ከሰዓት ሆኗል። ሕንፃው ውስጥ የቀረነው እሳቸው፣ እኔና ሦስተኛ ፎቅ ያለው የሒሳብ ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ሰብለ ነን። እኔ አምስተኛ ፎቅን ወልውዬ ባልዲዬንና መወልወያዬን ይዤ ሊፍት ስጠብቅ ጋሽ ዘውዴ ከአንዱ ቢሮ አሮጌ ፕሪንተር ታቅፈው ወጡ። ታች አውርዱልን የተባለ ዕቃ ነው። ደረጃውን አዩ፣ ጉልበታቸውን አዩ። ሊፍቱ ሲከፈት ገባሁ። እሳቸው በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ገቡ። በሩ ሲዘጋ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አራተኛን አልፈን ሦስተኛ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መብራት ሄደ። ሊፍቱ አንዴ ነቀነቀንና ቆመ።

እኔ አልደነገጥኩም። መብራት ሲሄድ ጀነሬተር ይነሳል፣ ሁልጊዜ ነው። ጠበቅን። ምንም የለም። የማስጠንቀቂያውን ቁልፍ በዳበሳ አግኝቼ ተጫንኩት። ከታች ደወል ሲጮህ ይሰማል።

"የሚጮኸው የእኔ ክፍል ውስጥ ነው" አሉ ጋሽ ዘውዴ።

"ጀነሬተሩንስ ማነው የሚያስነሳው?" አልኳቸው።

"እኔ ነኝ።"

"ሌላ ሰው ቁልፍ የለውም?"

ወገባቸው ላይ የተንጠለጠለውን የቁልፍ ዘለላ አቃጨሉ።

ስልካቸው ታች ቻርጅ ላይ ነው። የእኔ ስልክ ሊፍት ውስጥ ኔትወርክ አይዝም። በሩን በመወልወያው እንጨት ደበደብኩት። ግን ከሕንፃችን ፊት ለፊት የድሮ ቤቶች እየፈረሱ ነው፣ ስካቫተሩ ቀኑን ሙሉ ያንኳኳል። እኔ ብደበድብ ማን ይለየዋል?

ያኔ የጋሽ ዘውዴን አተነፋፈስ ሰማሁ። የሮጠ ሰው አተነፋፈስ ነው። የስልኬን ባትሪ አበራሁላቸው፤ ግን ባሰባቸው። ግድግዳው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ስላዩት ይመስለኛል። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፣ ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል። ኮሌታቸውን ይጎትታሉ። "አየር የለም፣ አየር የለም" ይላሉ። ፕሪንተሩ ከእጃቸው ወደቀ፣ እሳቸውም ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። ግፊት እንዳለባቸው አውቃለሁ፣ መድኃኒታቸውን በየቀኑ ከሻይ ጋር ሲውጡ አይቻለሁ። እጄ ላይ ሊሞቱ ነው አልኩ። እኔ ደግሞ ሰው የማላናግር፣ የሚጠጣ ውኃ እንኳ የሌለኝ። ያለኝ የባልዲ ውኃ ነው።

አየር አለ፣ በበሩ ቀዳዳ ይገባል አልኳቸው። አልሰሙኝም። ሌላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ እኔ ስፈራ የማደርገውን አደረግኩ። ባትሪውን አጥፍቼ ማጫወቻዬን አውጥቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ትንፋሽ አጥሯቸው ጌም አወጣች ብለው ቢቆጡኝስ?

ጉንጮን መብረቅ ያለበት ጫካ ወሰድኳት። ገና ሲያስገመግም ድንጋይ ሥር ገባች። ከዚያ ማጫወቻውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

"ጋሽዬ፣ ይቺን ያዙልኝ" አልኳቸው። "ፈርታለች። ክቡ ሲሰፋ ይጫኑ፣ ሲጠብ ይልቀቁ።"

ቶሎ ቶሎ ተጫኑ። ጉንጮ ብድግ ብላ ጫካ ገባች።

"ሄደች" አሉ። ድምፃቸው የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ።

"ግድ የለም፣ ትመለሳለች። ስለተቸኮለባት ነው። ቀስ እንላለን" አልኩ። ጫካ ገብቼ ፈለግኳት፣ ከቁጥቋጦ ሥር አገኘኋትና መለስኩላቸው። ሁለተኛም ሸሸችባቸው። በሦስተኛው አውራ ጣቴን ከጣታቸው በላይ አስቀምጬ አብረን ተጫንን። "አሁን እያስገባች ነው… አሁን እያስወጣች ነው" እያልኩ አወራላቸዋለሁ። ለሰው እንደዚያ ረጅም ጊዜ አውርቼ አላውቅም። ስለ ጉንጮ ሁሉን ነገር ነገርኳቸው። ምን እንደምትበላ፣ ከየት እንዳገኘኋት፣ ቀይ እንጆሪ ስሰጣት እንዴት እንደምትዘል።

መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ጣቴን ሳነሳ ብቻቸውን ሲያስኬዱት አየሁ። ትንፋሻቸው ከክቡ ጋር ነው የሚሄደው። ጉንጮ ጆሮዋን ጣለች፣ ተጠቀለለች፣ ተኛች።

"ተኛች" አሉ ጋሽ ዘውዴ።

ቆይተው በወጣትነታቸው አገራቸው ላይ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አፈሩ ተደርምሶባቸው እንደነበር ነገሩኝ። ጠዋት ተቀብረው ያወጧቸው ሊመሽ ሲል ነው። ይህን ልጆቻቸው እንኳ አያውቁም አሉ። እኔም እጃቸው ላይ ያለችውን ማጫወቻ አልወሰድኩባቸውም።

በመጨረሻ ስካቫተሩ ፋታ ሲሰጥ ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ሰማን። ሰብለ ናት፣ እያጉረመረመች ትወርዳለች። "እኚህ ሽማግሌ ዛሬ ደግሞ ጀነሬተሩን ትተው የት ጠፉ?"

"እዚህ ነኝ" አሉ ጋሽ ዘውዴ ከውስጥ።

ሰብለ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም ከውስጥ ሳቄ መጣ። ጋሽ ዘውዴ አልሳቁም፣ ግን አልተቆጡም።

ሊፍቱ የቆመው ከሦስተኛ ፎቅ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። የመወልወያውን እንጨት በበሩ መሐል አስገብቼ ጎተትኩ፣ ሰብለም ከውጭ ጎተተች፣ እጅ የማያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ጋሽ ዘውዴ የጀነሬተር ቤቱን ቁልፍ ከዘለላው ፈትተው በዚያ ጣሉላት። አነሳሱንም ነገሯት። ወርዳ ሞክራ ተመለሰች፣ እንቢ አለኝ አለች።

"አትቸኩዪበት" አሏት። "ቁልፉን አዙሪና እስኪሞቅ ያዢው። ቀስ ብለሽ።"

ሁለተኛ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ጀነሬተሩ ሲያጓራ ሰማን፣ መብራት መጣ። ሊፍቱ ሲነቃነቅ ጋሽ ዘውዴ የሽርጤን ጫፍ ያዙ። እስክንወርድ አልለቀቁም። በሩ ሊከፈት ሲል ማጫወቻዬን መለሱልኝ፣ ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ፣ ተነሥተው ፕሪንተሩን ታቀፉ።

ሰብለ በሩ ላይ እየጠበቀችን ነው። እየሳቀች እንዴት ሆናችሁ አለችን፣ ፈርታችሁ ነበር ወይ አለች። ጋሽ ዘውዴ ወደ እኔ አዩ። እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። እንደሌላ ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ዝም ብል ሰብለ መፍራታቸውን ከፊታቸው ታነበው ነበር።

"ምንም አልሆንን፤ ስለ አገራቸው እያጫወቱኝ ነበር" አልኩ። ድምፄ ተሰማ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ከበሩ ጠሩኝ። ሹፌሮቹ ቆመዋል። ያው ሊቀልዱብኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንዴት አደረች?" አሉኝ። ደህና ናት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

አሁንም ዓይን አፋር ነኝ፣ እሱ አልለቀቀኝም። ጋሽ ዘውዴም አሁንም ሁሉን ይቆጣሉ፣ ሊፍትም አይገቡም። ጀነሬተሩን ማስነሳት ግን ለሰብለም ለእኔም አስተምረውናል፣ ትርፍ ቁልፍም ተቀርጿል። ሻይ ሰዓት ላይ ዝናብ ከሆነ አንዳንዴ እጃቸውን ይዘረጉልኛል። እኔም ማጫወቻውን እሰጣቸዋለሁ። በትልልቅ ጣቶቻቸው ሲጫኑት እንቁላል የያዙ ነው የሚመስሉት። እሳቸውን ሳይ ደስ ይለኛል። ለምን ደስ እንደሚለኝ አጥርቼ መናገር አልችልም። ሰው አደራ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ይመስለኛል።

ይህን ልጽፍ ሳስብ አስፈቀድኳቸው። አይሆንም ቢሉ እተወው ነበር። ትንሽ አሰቡና ስሜን ቀይሪ፣ ሕንፃውንም አትጥሪ አሉኝ። እሺ አልኩ፣ እንዳሉትም አድርጌያለሁ። ልሄድ ዞር ስል ግን መልሰው ጠሩኝ። ከፂማቸው ሥር ሲስቁ አየኋቸው።

"ደግሞ ስትጽፊ" አሉኝ፣ "የፈራችው ጉንጮ ናት በይ።"