ለጉሬዛ የተደወለ ደወል

ትናንት ፒያሳ፣ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ በር ላይ የጉሬዛ ቆዳ ተሰቅሎ አየሁ። ረጅሙ ነጭ ጠጉር በነፋስ ሲርገበገብ ሐሳቤ ሞጣ ገባ።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳይንስ መምህራችን ጋር በቤተክርስቲያኑ ደን የሚኖሩትን ጉሬዛዎች እየቆጠርን በደብተር እንጽፍ ነበር። ያን ቀን ብቻዬን ቀድሜ ደረስኩ። ዝግባው ላይ አንዲት እናት እንደ ጥጥ የነጣ ጨቅላ ታቅፋለች። "አሥራ ሁለት" ብዬ ልጽፍ ስል፣ ከቢቸና የመጣ ቆዳ ነጋዴ ጠመንጃውን አነጣጠረባት።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ቤታችንም "አፍ የሌላት" ነበር የምባለው። ሮጬ የቤተክርስቲያኑን የድንጋይ ደወል በጠጠር ድንጋይ ደጋግሜ መታሁት። ጉሬዛዎቹ ሽቅብ ተወረወሩ። ሰፈሩም እሳት የተነሣ መስሎት ግልብጥ ብሎ መጣ።

"የኔታ፣ ለጦጣም ይደወላል እንዴ?" አለ ነጋዴው እየሳቀ።

ከሰፈሩ ሰው ጋር የደረሱት የቅኔ መምህሩ የኔታ ግን አልሳቁም።

"ነፍሰ ገዳይ እንኳ ደውሎ ከተማጠነ ከዚህ አጥር ውስጥ አይነካም። እነሱ አፍ የላቸውም፤ አፍ ያላት ደወለችላቸው። በል፣ ጠመንጃህን አንግትና ውጣ!"

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ደብተሬን ገልጬ "አሥራ ሁለት" ብዬ ጻፍኩ።

"እህት፣ ልጠቅልልልሽ?" አለኝ የፒያሳው ባለሱቅ፣ ቆዳውን ከተሰቀለበት እያወረደ።

"ከየትኛው ደን የመጣ ነው?" አልኩት ጮክ ብዬ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞር እስኪል ድረስ።